ቶም ቪልሳክ፦ ከአዮዋ ሴኔት እስከ አሜሪካ ግብርና ሚኒስትርነት (ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች)

በዚህ ገጽ ያሉት ዘመኖች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቶም ቪልሳክ ማን ናቸው?

ቶም ቪልሳክ አሜሪካዊ ጠበቃና የዴሞክራቲክ ፓርቲ ፖለቲከኛ ናቸው። በመጀመሪያ የአንዲት ትንሽ ከተማ ከንቲባ፣ ቀጥሎ የአዮዋ ስቴት ሴናተር፣ ከዚያም የአዮዋ አገረ ገዥ ነበሩ። በመጨረሻም የአሜሪካ ግብርና ሚኒስትር ሆነው ለሁለት ፕሬዚዳንቶች ሠርተዋል፤ በባራክ ኦባማ ዘመን ከጃንዋሪ 2009 እስከ ጃንዋሪ 2017፣ በጆ ባይደን ዘመን ደግሞ ከፌብሩዋሪ 2021 እስከ ጃንዋሪ 2025።

ስማቸው በየቤቱ የሚነሳ አይደለም። ነገር ግን በአሜሪካ የሚኖር፣ በፉድ ስታምፕ (የመንግሥት የምግብ እርዳታ) ካርድ አስቤዛ የገዛ ወይም ልጁ በትምህርት ቤት ነፃ ምሳ የበላለት ቤተሰብ ሁሉ እኚህ ሰው የፈረሙበት ውሳኔ ደርሶታል። ስለ እርሳቸው በአማርኛ መጻፍ ተገቢ ነው የምለውም በዚህ ምክንያት ነው።

የተወለዱት ከገበሬ ቤተሰብ ነው?

አይደለም። የተወለዱት ዲሴምበር 13 ቀን 1950 በፔንሲልቬኒያ ግዛት በምትገኘው የብረት ከተማ ፒትስበርግ ነው። ገና በሕፃንነታቸው በካቶሊክ የሕፃናት ማሳደጊያ ውስጥ ተትተው የማደጎ ወላጆች ወሰዷቸው። አሳዳጊ እናታቸው ከመጠጥ ሱስ ጋር ብዙ የታገሉ ሴት እንደነበሩ ቪልሳክ ራሳቸው በአደባባይ ተናግረዋል።

ወደ እርሻ ምድር የወሰዳቸው ትዳር ነው። በሃሚልተን ኮሌጅ ሲማሩ የተዋወቋቸው ባለቤታቸው ክሪስቲ የማውንት ፕሌዛንት፣ አዮዋ ልጅ ናቸው። ቪልሳክ በ1975 ከአልባኒ የሕግ ትምህርት ቤት ከተመረቁ በኋላ እዚያው ሄደው ከአማታቸው ጋር ጥብቅና ጀመሩ። በ1980ዎቹ የአሜሪካ ገጠር ከባድ ቀውስ ገጠመው፤ ወለድ ናረ፣ የመሬት ዋጋ ወደቀ፣ የብዙ ቤተሰቦች እርሻ በሐራጅ ተሸጠ። በዚያ ዘመን ወደ ጠበቃ ቢሮ የሚመጣ ገበሬ የሚያነሳው የዝናብ ጉዳይ ሳይሆን የባንክ ዕዳ ነበር። ቪልሳክ ግብርናን ያወቁት ከዚህ በኩል ነው፤ በማረሻው ሳይሆን በብድር ውሉ። በኋላ የወሰዷቸውን ውሳኔዎች ለመረዳት ይህን ማስታወስ ይጠቅማል።

ወደ ፖለቲካ እንዴት ገቡ?

በግድያ ምክንያት ነው። ዲሴምበር 10 ቀን 1986 ምሽት የማውንት ፕሌዛንት ከተማ ምክር ቤት ስብሰባ ላይ ነበር። የፍሳሽ ቧንቧ ተዘግቶ ቆሻሻ ወደ ቤቱ ተመልሶበት ሲያማርር የቆየ አንድ ነዋሪ ሽጉጥ ይዞ ገባና ከንቲባ ኤድ ኪንግን ተኩሶ ገደላቸው። ሁለት የምክር ቤት አባላትም ቆሰሉ። ከተማዋ ሁሉም ሰው ሁሉንም የሚያውቅባት ናት፤ ከዚያ ቀን በኋላ በሟቹ ወንበር ላይ ለመቀመጥ የሚደፍር ሰው ማግኘት ቀላል አልነበረም።

ቪልሳክ ለከንቲባው መታሰቢያ ገንዘብ በማሰባሰብ ይሳተፉ ነበር። የሟቹ አባት እርሳቸውን ለይተው እንዲወዳደሩ ጠየቋቸው፤ እሺ ብለው በ1987 ከንቲባ ሆኑ። የፍሳሽ ቧንቧ ጉዳይ በብሔራዊ ፖለቲካ ዓይን ተራ ነገር ይመስላል። በገጠር ከተማ ግን መንግሥት አለ ወይስ የለም የሚባለው በእንዲህ ያለው ነገር ነው። ለአነስተኛ የገጠር ከተሞች የመጠጥ ውኃና የፍሳሽ መስመር ብድርና እርዳታ የሚሰጠው የፌዴራሉ ግብርና ሚኒስቴር ነውና፣ ያ ምሽት የጀመረው ጉዳይ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ እርሳቸው በሚመሩት መሥሪያ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተመልሶ መጣ።

የስቴት ሴናተር ሲባል በዋሽንግተን ከሚቀመጡት ሴናተሮች አንዱ ማለት ነው?

አይደለም፤ ይህ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር ነው። እያንዳንዱ የአሜሪካ ስቴት የራሱ ሕግ አውጪ ምክር ቤት አለው። በአገራችን ለማነጻጸር ቢፈለግ ከፌዴራሉ ፓርላማ ይልቅ ለክልል ምክር ቤት ይቀርባል። አዮዋ 50 ሴናተሮችና 100 የታችኛው ምክር ቤት አባላት አሏት። ስብሰባቸው በጃንዋሪ ተጀምሮ በጸደይ ወራት ያበቃል፤ አባላቱም ቀሪውን ጊዜ በጥብቅናቸው፣ በእርሻቸው ወይም በሱቃቸው ያሳልፋሉ።

በስቴት ሴኔት ውስጥ ምን ሠሩ?

በ1992 ተመርጠው ለስድስት ዓመት ያህል አገልግለዋል። ከሚጠቀሱላቸው ሥራዎች አንዱ ከስቴቱ የግብር ማበረታቻ የሚያገኙ ኩባንያዎች ለሠራተኞቻቸው የተሻለ ደመወዝና ጥቅማ ጥቅም እንዲከፍሉ የሚጠይቅ ሕግ ነው። ሌላው ካውንቲዎች (በስቴቱ ሥር ያሉ የአካባቢ አስተዳደሮች) ብቻቸውን ተሸክመውት የነበረውን የአእምሮ ሕክምና ወጪ ስቴቱ ግማሹን እንዲጋራ ያደረገው ሕግ ነው።

ሁለቱም ርዕሰ ዜና የሚሆኑ አይደሉም። ሁለቱም የሚጠይቁት ግን አንድ ነገር ነው፦ ወጪውን የሚከፍለው ማን ነው? የሕግ አውጪነት ሥራ በአመዛኙ ይኸው ነው። የግብርና ሚኒስትርነትም፣ ከሩቅ ሲታይ የዘርና የማዳበሪያ ሥራ ቢመስልም፣ በአሜሪካ ከዚህ ብዙ አይርቅም።

እንደ አገረ ገዥ እንዴት ነበሩ?

በ1998 ሪፐብሊካኑን ጂም ሮስ ላይትፉትን አሸንፈው አዮዋ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ያገኘቻቸው የመጀመሪያው ዴሞክራት አገረ ገዥ ሆኑ። በ2002 በድጋሚ ተመርጠው እስከ ጃንዋሪ 2007 ቆዩ።

ለስደተኛ አንባቢ የሚያስገርመው የዚህ ዘመን ታሪካቸው ነው። የአዮዋ ሕዝብ እያረጀ፣ ወጣቱም እየሄደ ስለነበር፣ በ2000 ይፋ የሆነው የስቴቱ ዕቅድ እስከ 2010 ድረስ 310 ሺህ ተጨማሪ ሰዎችን ለመሳብና ለዚህም ለስደተኞች በር ለመክፈት ያልም ነበር። የነዋሪው ተቃውሞ ግን በረታ። በ2002፣ ምርጫው በሚደረግበት ዓመት፣ እነዚያው አገረ ገዥ እንግሊዝኛን የስቴቱ ብቸኛ የሥራ ቋንቋ የሚያደርገውን ሕግ ፈረሙ። ሁለት ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ እንዲህ መገልበጥ ለእኔ ከሥራ ዘመናቸው ሁሉ አሳዛኙ ነው፤ ምክንያቱም የመጀመሪያው ሐሳብ ትክክል ነበር።

በሌላ በኩል ጁላይ 4 ቀን 2005 ቅጣታቸውን ለጨረሱ የቀድሞ እስረኞች የመምረጥ መብት በአስተዳደራዊ ትእዛዝ መልሰዋል። በ2011 ቦታውን የያዙት ተተኪ ትእዛዙን ሽረውታል።

ለፕሬዚዳንትነት ተወዳድረዋል?

አዎ፣ ግን ለአጭር ጊዜ ነው። በኖቬምበር 2006 መጨረሻ ዕጩነታቸውን አስታውቀው በፌብሩዋሪ 2007 ገንዘብ አጥሯቸው ወጡ፤ ከዚያም ሂላሪ ክሊንተንን ደገፉ። በ2004 የጆን ኬሪ፣ በ2016 የሂላሪ ክሊንተን ምክትል ዕጩ እንዲሆኑ ስማቸው በአጭሩ ዝርዝር ውስጥ ነበር፤ ሁለቱም ጊዜ ሌላ ሰው ተመረጠ።

ግብርና ሚኒስትሩ በሕዝብ ይመረጣል?

የፌዴራሉ አይመረጥም። ፕሬዚዳንቱ ያቀርባል፣ የአሜሪካ ሴኔት ያጸድቃል። ቪልሳክ በ2009 ያለ ተቃውሞ ጸደቁ፤ በ2021 ደግሞ በ92 ድጋፍና በ7 ተቃውሞ። ከተቃወሙት መካከል የግራው ክንፍ ሴናተር በርኒ ሳንደርስ ይገኙበታል።

ከዚህ የተለየ ሌላ ሹመት አለና መቀላቀል የለበትም። እያንዳንዱ ስቴት የራሱ የግብርና ኃላፊ አለው፤ በ12 ስቴቶች ደግሞ ይህ ኃላፊ በቀጥታ በሕዝብ ይመረጣል። አዮዋ፣ ቴክሳስ፣ ጆርጂያ፣ ፍሎሪዳና ሰሜን ካሮላይና ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። ከስቴት ምክር ቤት ወደ እነዚህ ወንበሮች መሻገር የተለመደ መንገድ ነው፤ በኋላ የቴክሳስ አገረ ገዥ የሆኑት ሪክ ፔሪ ከስቴቱ ምክር ቤት ወጥተው ከ1991 እስከ 1999 የቴክሳስ ግብርና ኃላፊ ነበሩ። በጆርጂያም የቀድሞው ሕግ አውጪ ቶሚ ኧርቪን ከ1969 እስከ 2011 በዚያው ወንበር ተቀምጠዋል። በአትላንታ አካባቢ ነዳጅ ማደያ ወይም ግሮሰሪ ያለው ወገናችን የዚህን መሥሪያ ቤት ተቆጣጣሪዎች በደንብ ያውቃቸዋል፤ የነዳጅ ፓምፑን ልክነት የሚፈትሹትና የምግብ መሸጫ ፈቃድ የሚሰጡት እነርሱ ናቸውና።

ከእርሳቸው የበለጠ በሚኒስትርነት የቆየ አለ?

አንድ ሰው ብቻ አለ፤ እርሳቸውም የአዮዋ ሰው ነበሩ። በስኮትላንድ ተወልደው በኋላ አዮዋ የሰፈሩት ጀምስ ዊልሰን የስቴቱ ምክር ቤት አባልና አፈ ጉባኤ ነበሩ፤ በኋላ ከ1897 እስከ 1913 ለ16 ዓመታት በማኪንሊ፣ በሩዝቬልትና በታፍት ሥር ግብርና ሚኒስትር ሆኑ። ቪልሳክ በሁለቱ ዘመናቸው ድምር ወደ 12 ዓመት የሚጠጋ አገልግለው ሁለተኛ ናቸው።

ፉድ ስታምፕ ለምን በግብርና ሚኒስቴር ሥር ሆነ?

ፕሮግራሙ ሲወለድ ድሃን ለመርዳት ብቻ ሳይሆን የገበሬውን ትርፍ ምርት ለመሸጥም ታስቦ ስለነበር ነው። በ1939 በኒውዮርክ ስቴት በሮቸስተር ከተማ ሲጀመር ሁለት ዓይነት ቴምብሮች ነበሩ። ተረጂው ለመደበኛ ወጪው የሚሆን ብርቱካናማ ቴምብር በገንዘቡ ይገዛል፤ በእያንዳንዱ አንድ ዶላር ላይ የ50 ሳንቲም ሰማያዊ ቴምብር በነፃ ይጨመርለታል። በሰማያዊው መግዛት የሚቻለው መንግሥት በገበያ ተርፏል ብሎ የዘረዘረውን ምግብ ነበር፤ ቅቤ፣ እንቁላል፣ ባቄላና የመሳሰለውን። የዚያን ጊዜው ሚኒስትር ሄንሪ ዋላስም የአዮዋ ልጅ ነበሩ።

ዛሬ ቴምብሩ ካርድ ሆኗል፣ ትስስሩ ግን አልተፈታም። የሚኒስቴሩ በጀት ትልቁ ክፍል የሚውለው ለእርሻ ድጎማ ሳይሆን ለምግብ እርዳታ ነው። በፌዴራሉ ምክር ቤትም (በኮንግረስ) የእርሻው ሕግና የምግብ እርዳታው አብረው የሚጸድቁት በዚህ ምክንያት ነው፤ የከተማው ተወካይ ለገጠሩ ድጎማ ድምፅ ይሰጣል፣ የገጠሩም ለከተማው ፉድ ስታምፕ። በስቴት ሴኔት ለሠለጠነ ሰው ይህ ልውውጥ የታወቀ ሥራ ነው።

በ2021 የፉድ ስታምፕ ገንዘብ የጨመረው በእርሳቸው ውሳኔ ነው?

አዎ። የፉድ ስታምፕ መጠን የሚሰላው መንግሥት ለቁጠባ ኑሮ ይበቃል ብሎ ባወጣው የምግብ ቅርጫት ዋጋ ነው። የ2018 የእርሻ ሕግ ስሌቱ በአዲስ መልክ እንዲፈተሽ አዞ ነበር። የቪልሳክ መሥሪያ ቤት ፈትሾ በኦገስት 2021 ውጤቱን አስታወቀ፤ ከኦክቶበር 1 ቀን 2021 ጀምሮ መደበኛው ክፍያ በ21 በመቶ ጨመረ፤ በአማካይ ለአንድ ሰው በወር 36.24 ዶላር ማለት ነው። የቅርጫቱ ዋጋ ከዚያ በፊት ለአሥርተ ዓመታት ከዋጋ ንረት ማስተካከያ በስተቀር አልጨመረም ነበር፤ ሰው ባቄላውን ከጥሬው ለመቀቀል ሰዓታት አለው ብሎ የሚያስብ የዱሮ ስሌት ነበር።

ሪፐብሊካኖች ሚኒስትሩ ያለ ምክር ቤቱ ፈቃድ ብዙ ቢሊዮን ዶላር ወጪ ጨመሩ ብለው ተቃወሙ፤ የመንግሥት ተጠያቂነት መሥሪያ ቤትም የሂደቱን ጉድለቶች በ2022 ጠቁሟል። ትችቱን ብቀበልም ጭማሪው ተገቢ ነበር እላለሁ። ከወሩ ሦስተኛ ሳምንት በኋላ የፍሪጁን በር ከፍቶ የሚዘጋ ወላጅ ባለበት አገር የዱሮውን ስሌት ይዞ መቀጠል አይቻልም።

በትምህርት ቤት ምሳ ላይ ምን ለወጡ?

በሚሼል ኦባማ ስም የሚታወቀው የትምህርት ቤት ምግብ ማሻሻያ አስፈጻሚው የእርሳቸው መሥሪያ ቤት ነበር። ሕጉን ፕሬዚዳንት ኦባማ የፈረሙት ዲሴምበር 13 ቀን 2010 ነው፤ ቪልሳክ 60ኛ ዓመታቸውን የያዙበት ቀን መሆኑ ነው። አትክልትና ፍራፍሬ በየቀኑ እንዲቀርብ፣ ያልተፈተገ እህል እንዲበዛ፣ ጨው እንዲቀንስ አደረገ።

ለብዙ የስደተኛ ቤተሰብ ከምግቡ ዝርዝር የበለጠ ያገለገለው በዚያው ሕግ ውስጥ ያለ ሌላ አንቀጽ ነው። ችግረኛ ተማሪዎች የሚበዙበት ትምህርት ቤት ለእያንዳንዱ ልጅ ማመልከቻ ሳያስሞላ ለሁሉም ቁርስና ምሳ በነፃ መስጠት ቻለ። ይህም በ2014 በመላ አገሪቱ ተጀመረ። ለዚህ የሚጠየቀው የችግረኛ ተማሪዎች ድርሻ መነሻው 40 በመቶ የነበረ ሲሆን፣ ቪልሳክ በሁለተኛ ዘመናቸው፣ በ2023፣ ወደ 25 በመቶ አወረዱት። ቅጹን በእንግሊዝኛ መሙላት የሚቸግራቸው፣ ገቢን መግለጽ የሚያስፈራቸው ወይም ልጃቸው በነፃ ተመጋቢነት እንዲለይ የማይሹ ወላጆች ጭንቀታቸው ቀለለላቸው። ከሠሩት ሁሉ አንዱን ምረጥ ብባል የምመርጠው ይህን ነው።

የሸርሊ ሼሮድ ጉዳይ ምንድን ነው?

በጁላይ 2010 የተፈጸመ ከባድ ስሕተት ነው። ሸርሊ ሼሮድ በጆርጂያ የሚኒስቴሩ የገጠር ልማት ዳይሬክተር የነበሩ ጥቁር አሜሪካዊት ናቸው። አንድ የቀኝ ክንፍ ድረ ገጽ ከንግግራቸው ላይ ተቆርጦ የወጣ ቪዲዮ አሰራጨ፤ በቁራጩ ላይ አንድን ነጭ ገበሬ በሙሉ ልባቸው እንዳልረዱ የሚናገሩ ይመስላል። ቪልሳክ ሙሉውን ሳያዩ ሥራቸውን እንዲለቁ አስደረጉ።

ሙሉው ንግግር ሲወጣ ነገሩ ተገለበጠ። ሼሮድ የሚናገሩት ከብዙ ዓመታት በፊት በልባቸው የነበረውን ቂም እንዴት እንዳሸነፉት ነበር። አባታቸው በ1965 በአንድ ነጭ ገበሬ ተገድለው፣ ገዳዩም ለፍርድ ሳይቀርብ ቀርቷል። እንዲያም ሆኖ በቪዲዮው የተነሳውን ነጭ ገበሬ ረድተው እርሻውን አትርፈውለታል፤ ቤተሰቡም በቴሌቪዥን ቀርቦ መሰከረላቸው። ቪልሳክ ጥፋቱ የራሳቸው ብቻ መሆኑን ተናግረው በይፋ ይቅርታ ጠየቁ፣ ሌላ ሥራም አቀረቡ፤ ሼሮድ አልተቀበሉም።

ይቅርታው ሙሉ ነበር። ነገር ግን የጥቁር ገበሬን መሬት ለማዳን ዕድሜዋን የሰጠች ሴት በቁራጭ ቪዲዮ ስትባረር፣ መሥሪያ ቤቱ በጥቁር ገበሬዎች ዘንድ ከነበረው መጥፎ ስም ላይ ተጨመረ። ከዓመታት በኋላ፣ በቪልሳክ ሁለተኛ ዘመን፣ ሼሮድ መሥሪያ ቤቱ ስለ ፍትሐዊነት ባቋቋመው ኮሚሽን ውስጥ አባል ሆነዋል።

ለጥቁር ገበሬዎች የገቡት ቃል ተፈጸመ?

በከፊል። ጉዳዩ ሥር የሰደደ ነው፤ በ1920 ከ900 ሺህ በላይ የነበሩት ጥቁር ገበሬዎች ዛሬ 50 ሺህ አይሞሉም። ከምክንያቶቹ አንዱ ራሱ ግብርና ሚኒስቴር ነበር። የየአካባቢው የብድር ኮሚቴ ለነጩ በጊዜው ያጸድቃል፣ ለጥቁሩ ያዘገያል፤ የዘር ወቅት ካለፈ በኋላ የሚመጣ ብድር ደግሞ ዕዳ እንጂ እርዳታ አይደለም። በኦባማ ዘመን የጥቁር ገበሬዎች የአድልዎ ክስ በ1.25 ቢሊዮን ዶላር፣ የአሜሪካ ቀደምት ሕዝቦች ገበሬዎች ክስ ደግሞ በ760 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ተቋጨ።

በ2021 ምክር ቤቱ የጥቁርና የሌሎች አናሳ ገበሬዎችን የመንግሥት ዕዳ ለመሰረዝ ወደ 4 ቢሊዮን ዶላር መደበ። ነጭ ገበሬዎች በዘር ላይ የተመሠረተ ነው ብለው ከሰሱ፣ የፌዴራል ዳኞችም ክፍያውን አገዱ። በኦገስት 2022 ሕጉ ተሽሮ በምትኩ አድልዎ ለተፈጸመባቸው ገበሬዎች፣ ዘርን መስፈርት ሳያደርግ፣ 2.2 ቢሊዮን ዶላር ተመደበ። በጁላይ 2024 ወደ 2 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ገንዘብ ከ43 ሺህ ለሚበልጡ ሰዎች ተከፈለ። ለአንዳንዱ ትልቅ እፎይታ ነበር፤ ዕዳው ይሰረዛል ተብሎ በዚያ ተስፋ ለተበደረው ግን ሦስት ዓመት ዘግይቶ የመጣ ነው።

የትልልቅ ኩባንያዎች ወዳጅ ናቸው የሚባለው እውነት ነው?

ትችቱ መሠረት አለው። በአገረ ገዥነታቸው ዘመን የባዮቴክኖሎጂ ኢንዱስትሪው ማኅበር የዓመቱ ምርጥ አገረ ገዥ ብሎ ሸልሟቸዋል። በሚኒስትርነታቸውም በ2011 ዘረመሉ የተቀየረ አልፋልፋ (የከብት መኖ ተክል) ያለ ገደብ እንዲዘራ ፈቅደዋል። በሁለቱ የሚኒስትርነት ዘመኖች መካከል ደግሞ የወተት ተዋጽኦ ላኪዎችን ምክር ቤት በዓመት ወደ 1 ሚሊዮን ዶላር በሚጠጋ ክፍያ መርተዋል። የዚህ ድርጅት ገንዘብ በአብዛኛው የሚመጣው ከወተት ገበሬዎች በግዴታ ከሚሰበሰብ መዋጮ ነው፤ ብዙ አነስተኛ የወተት እርሻዎች በሚዘጉበት ጊዜ ይህ ክፍያ ያስቆጣው ሰው ጥቂት አልነበረም።

በአንጻሩ በ2010 ከፍትሕ ሚኒስቴር ጋር ሆነው ስለ ሥጋ አቀነባባሪዎችና የዘር ኩባንያዎች የገበያ ጉልበት በተለያዩ ቦታዎች የሕዝብ መድረክ አካሂደዋል። የመጀመሪያው በአዮዋ ነበር። የዶሮ አርቢዎች ኩባንያው ውል ይነጥቀናል ብለው እየፈሩ መጥተው ተናገሩ። አርቢዎችን ከኩባንያዎቹ ጫና ለመጠበቅ የታሰበው ደንብ ሲረቀቅ ኢንዱስትሪው በምክር ቤቱ በኩል በጀት አስከልክሎ አብዛኛውን አስቀረው። ቪልሳክ ያኔ ጠንክረው አልተሟገቱም የሚል ቅሬታ እስከ ዛሬ አለ፤ እኔም እጋራዋለሁ። በባይደን ዘመን ደንቦቹን መልሰው አቅርበው የተወሰኑትን አጸደቁ።

ከኢትዮጵያ ጋር የሚያገናኛቸው ነገር አለ?

አለ። በኤፕሪል 2022፣ የዩክሬን ጦርነት የስንዴ ዋጋን ባናረበትና የአፍሪካ ቀንድ በድርቅ በተመታበት ወቅት፣ ቪልሳክና የአሜሪካ የልማት ድርጅት ኃላፊ ሳማንታ ፓወር 670 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ የምግብ እርዳታ አስታወቁ። ለዚህም ቢል ኤመርሰን የሚባለው የመጠባበቂያ ፈንድ ሙሉ በሙሉ እንዲወጣ ሆነ፤ ፈንዱን የመክፈት ሥልጣን የግብርና ሚኒስትሩ ነው። ከ670 ሚሊዮኑ 282 ሚሊዮኑ ምግቡን ለመግዛት፣ 388 ሚሊዮኑ ደግሞ በአመዛኙ ለማጓጓዣ ነበር። ኢትዮጵያ፣ ኬንያ፣ ሶማሊያ፣ ሱዳን፣ ደቡብ ሱዳንና የመን ተቀባዮቹ ነበሩ። በአፋርና በሶማሌ ክልሎች ተማሪዎችን ሲመግብ የቆየው የማክገቨርን-ዶል ፕሮግራምም የዚሁ ሚኒስቴር ነው።

ሁለተኛው መገናኛ የዓለም የምግብ ሽልማት ነው። በወሎንኮሚ ተወልደው በጅማና በዓለማያ የተማሩት ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጀታ አቀንጭራንና ድርቅን በሚቋቋም የማሽላ ዘር ሥራቸው ይህን ሽልማት ያገኙት በ2009፣ ቪልሳክ ሚኒስትር በሆኑበት የመጀመሪያው ዓመት ነው። ቪልሳክ ከማርች 2025 ጀምሮ መቀመጫውን በአዮዋ ዋና ከተማ ያደረገውን የዚህን ሽልማት ፋውንዴሽን በዋና ሥራ አስፈጻሚነት ይመራሉ።

ከሠሩት ውስጥ ዛሬ በቦታው ያለው ምንድን ነው?

ይህ ከሁሉም አስቸጋሪው ጥያቄ ነው፤ መልሱም የሚወሰነው ነገሩ በምን መንገድ እንደተሠራ ነው። በሚኒስትሩ ሥልጣን ብቻ የተሠራው ቶሎ ተነካ። ለአየር ንብረት የሚስማማ እርሻን ለማበረታታት ከ3 ቢሊዮን ዶላር በላይ የመደቡበት ፕሮግራም በኤፕሪል 2025 በተተኪው አስተዳደር ተሰረዘ። በጁላይ 2025 የወጣው የበጀት ሕግ ደግሞ ወደፊት የምግብ ቅርጫቱ ስሌት ሲከለስ ወጪ እንዳይጨምር ከለከለ፤ በ2021 የሆነው እንዳይደገም ማለት ነው። ያው ሕግ ከፉድ ስታምፕ መብት በስደተኛነት (በሪፊዩጂ) የገቡና ጥገኝነት ያገኙ ሰዎችን አስወጥቷል፤ ግሪን ካርድ ያላቸው በቆይታ መስፈርቱ መሠረት ይቀጥላሉ። ጉዳዩ የሚነካችሁ ከሆነ በየስቴታችሁ ያለውን የማኅበራዊ አገልግሎት ቢሮ ጠይቁ።

በምክር ቤቱ ተከራክሮና ተደራድሮ በሕግ የተጻፈው ግን ቆይቷል። የ2010 የትምህርት ቤት ምግብ ሕግ ከዚያ ወዲህ ከመጡት አስተዳደሮች ሁሉ ተርፏል፤ ለሁሉም ተማሪ ያለ ማመልከቻ ምሳ የሚያስችለው አንቀጽም በሥራ ላይ ነው። የልጃችሁ ትምህርት ቤት በዚህ ውስጥ መሆኑን ለማወቅ የዲስትሪክቱን የምግብ አገልግሎት ክፍል መጠየቅ ይበቃል።